በገናን በቤት ለመቅረጽ የትኛው ሳውንድ ካርድ ይሻላል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ውስጥ በመኖሪያ ቤታቸው በገና ይደረድራሉ፣ ፒክአፕ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ዕቃ) የተገጠመለት ክራርም አላቸው፤ ባለቤታቸው ደግሞ ይዘምራሉ። የሚቀርጹት ዊንዶውስ 10 በተጫነበት ዴስክቶፕ ላይ ሪፐር በተባለ የቀረጻ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ድምፁ የሚገባው ቪ8 በተባለው ሳውንድ ካርድና ቢኤም-800 በተባለው ማይክ በኩል ነው። ሁለት ነገር አስቸግሯቸዋል። አንደኛው በበገናው ሥር የማያቋርጥ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ መኖሩ ነው፤ ሁለተኛው በገናው ተቀርጾ ካለቀ በኋላ በላዩ ላይ የሚቀረጸው መዝሙር ሁልጊዜ ወደ ኋላ ቀርቶ መገኘቱ ነው። አንድ ሻጭ 192 ኪሎ ኸርዝ የሚደርስ፣ 7.1 ቻናል ያለው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገጠም ካርድ እንዲገዙ መክሯቸዋል፤ አንድ ወዳጃቸው ደግሞ አራት መግቢያ ያለው ይሁን ብለዋቸዋል። የትኛውን ልግዛ፣ ቪ8ንስ ምን ላድርገው ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ላስረዳ። የሚያስፈልግዎ ከኮምፒውተሩ ውጭ ሆኖ በዩኤስቢ የሚገናኝ፣ ሁለት የማይክ መግቢያ፣ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በገመዱ በኩል ለማይኩ የሚላክ ኃይል)፣ ለክራሩ ፒክአፕ የሚሆን የመሣሪያ መግቢያ፣ እንዲሁም አምራቹ ራሱ ያዘጋጀው የአሲዮ ድራይቨር (በዊንዶውስ ላይ መዘግየትን የሚያሳጥር ሶፍትዌር) ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ለቀረጻ የተሠራ ሳውንድ ካርድ ነው። 192 ኪሎ ኸርዝም፣ 7.1 ቻናልም፣ አራት መግቢያም ለእርስዎ ሥራ አያስፈልጉም። ሳውንድ ካርድ ስንመርጥ መነሳት ያለብን በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ትልቁ ቁጥር ሳይሆን፣ ከምንቀርጻቸው ነገሮች ሁሉ ድምፁ ዝቅ ከሚለው ነው፤ የእርስዎ ደግሞ በገናው ነው።

በገና አጠገብ ተቀምጦ የሰማ ሰው ድምፁ ክፍሉን የሚሞላ ይመስለዋል፤ በማይክ ሲለካ ግን ከከበሮና ከዘማሪ ድምፅ በእጅጉ ያነሰ ነው። አውታሩ በጣት ተነክቶ ሲለቀቅ በአውታሩና አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ መካከል የገባችው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ያን የምናውቀውን የሚነዝር ድምፅ ትሰጠዋለች፤ ከዚያም ድምፁ እየሳሳ ሄዶ የሚቀጥለው አውታር እስኪነካ ድረስ ወደ ዝምታ ይጠጋል። ደርዳሪው ያችን ቦታ ሆን ብሎ ይተዋታል፤ ዜማው የሚተነፍስባት ናት። የካርዱ ሽሽታ የሚሰማውም በትክክል እዚያች ላይ ነው። ከዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም ወራት አንድ አባት የደረደሩትን በገና በርካሽ ካርድ ቀርጬ ነበር። በቀረጻው ሰዓት በጆሮ ማዳመጫ ምንም አልታወቀኝም፤ በማግሥቱ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሳዳምጥ ግን በየአውታሩ መካከል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ሽሽታ ሞልቶበታል። በሶፍትዌር ላጠፋው ስሞክር ሽሽታው የእንዚራዋን ንዝረት ይዞ ሄደ፤ ሁለቱ በአንድ የድምፅ ክልል ውስጥ የሚኖሩ ስለሆኑ ሊለያዩልኝ አልቻሉም። ያ ቀረጻ ለምንም ሳይሆን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ካርድ መጀመሪያ የምፈትነው በበገና ነው።

ሽሽታው ከየት እንደሚመጣ ማወቁ ለምርጫው ይጠቅማል። ማይክ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት እጅግ ትንሽ ስለሆነ በካርዱ ውስጥ ያለው ፕሪአምፕ ማጉላት አለበት፤ ሲያጎላው ደግሞ የራሱን ሽሽታ አብሮ ይጨምርበታል። ጥንቁቅ አምራቾች ይህን መጠን ኢአይኤን በሚል ምሕጻረ ቃል፣ ዲቢዩ በተባለ መለኪያ ይገልጹታል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች እየራቀ በሄደ መጠን ፕሪአምፑ ጸጥተኛ ነው ማለት ነው። 150 ኦም የሆነ ምንጭ በሙቀት ምክንያት ብቻ የሚያወጣው ሽሽታ ከዜሮ በታች 131 ዲቢዩ ገደማ ስለሆነ፣ ከዜሮ በታች 128 የተጻፈበት ካርድ የተፈጥሮን ወሰን ሊነካ የቀረው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው። እንግዲህ ከመግዛትዎ በፊት መመልከት ያለብዎት ቁጥር ይህ ነው። ኢአይኤን ጨርሶ ያልተጻፈበት ርካሽ ካርድ ሲያጋጥምዎ ለዘማሪ ሊያገለግል ይችል ይሆናል፣ ለበገና ግን አይመኑት።

አሁን በእጅዎ ወዳለው ዕቃ ስንመጣ፣ ቪ8 የተሠራው ለቀጥታ ስርጭት ነው። የጭብጨባና የሳቅ ቁልፎቹ፣ ድምፅ የሚቀይሩት ኢፌክቶቹና በውስጡ ያለው ባትሪ ሁሉ የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። በስልክ ቀጥታ ለሚያስተላልፍ ሰው ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል፤ ቀስ ብሎ የሚሳሳ የአውታር ድምፅ ለመያዝ ግን አልታሰበም። ከዚህ በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ገመዱ ነው። ከቢኤም-800 ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ገመድ በአንድ ወገን ሦስት ቀዳዳ ያለው የኤክስኤልአር ራስ፣ በሌላው ወገን እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለ ትንሽ ጃክ አለው። በዚያ ትንሽ ጃክ ወደ ማይኩ የሚሄደው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው፤ ማይኩ ግን ኮንደንሰር የተባለው፣ ለመሥራት ኃይል የሚፈልገው ዓይነት ስለሆነ እንደሚገባ የሚሠራው 48 ቮልት ሲያገኝ ነው። በተራበ ማይክ ላይ ጌይኑን፣ ማለትም የማጉያውን ቁልፍ፣ ወደ ላይ ሲያዞሩ የሚጎላው በአብዛኛው ሽሽታ ነው። በሌላ አነጋገር ማይክዎን እስካሁን በሙሉ አቅሙ አልሰሙትም ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱን ካርድ ሲገዙ በሁለቱም ወገን ኤክስኤልአር ያለው ገመድ አብረው ይግዙ፤ ሌላ ማይክ ለመግዛት ከመቸኮልዎም በፊት ያንኑ ቢኤም-800 በ48 ቮልት ይሞክሩት። ከውድ ማይክ ጋር ይተካከላል አልልም፤ ነገር ግን አሁን ከሚሰሙት በጣም የተለየ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ።

ወደፊት ዳይናሚክ ማይክ ለመጠቀም ካሰቡ ሌላ ቁጥር ይጨመራል፤ እርሱም የጌይኑ መጠን ነው። ዳይናሚክ ማይክ ፋንተም ፓወር አይፈልግም፣ ከክፍሉ የሚመጣውን ማስተጋባትም ከኮንደንሰር ያነሰ ስለሚይዝ በከተማ ቤት ውስጥ ለዘማሪ ተመራጭ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚያወጣው ምልክት ግን ደካማ ነው። ሹር ኤስኤም7ቢ የተባለው ማይክ ለምሳሌ 60 ዴሲቤል ያህል ማጉላት ይጠይቃል። ጌይኑ 50 ላይ የሚያበቃ ካርድ ላይ እንዲህ ያለውን ማይክ መሰካት ትርፉ ድካም ነው።

ሻጩ ስለመከሩዎት በኮምፒውተር ውስጥ የሚገጠም ካርድ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 7.1 የሚለው ቁጥር የመውጫ ቁጥር ነው፤ ፊልም ለማየትና ለጌም በዙሪያ የሚቀመጡ ስፒከሮችን የሚመለከት እንጂ ስለሚገባው ድምፅ የሚነግረን ነገር የለም። የእነዚህ ካርዶች የማይክ መግቢያ ያችው ትንሿ ጃክ ናት፤ ኤክስኤልአር የላትም፣ 48 ቮልትም አይወጣባትም። በአንድ ወቅት ለቀረጻ ተብለው የተሠሩ፣ በፒሲአይ ማስገቢያ የሚገቡ በጣም ጥሩ ካርዶች እንደነበሩ አውቃለሁ፤ በእነርሱ ብዙ ሥራ ተሠርቷል። ዛሬ ግን በአዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ያ ማስገቢያ የለም፣ የብዙዎቹ ድራይቨርም ከድሮው ዊንዶውስ ጋር ቀርቷል። በሽያጭ ላይ ያለው የውስጥ ካርድ በአብዛኛው ለሙዚቃ ቀራጭ የታሰበ አይደለም።

192 ኪሎ ኸርዝን በሚመለከት ሰዎች ብዙ ገንዘብ በከንቱ ሲያወጡ ስለማይ ትንሽ ልዘርዝር። በዲጂታል ቀረጻ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚነግረው ቁጥር ሳምፕል ሬት ይባላል። አንድን ድምፅ በትክክል ለመያዝ ከድምፁ ከፍተኛ ንዝረት ከሁለት እጥፍ በላይ መለካት በቂ ነው፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ጤነኛና ወጣት ቢሆን እንኳ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ነው። ለዚህም ነው ሲዲ በ44.1፣ ቪዲዮ ደግሞ በ48 ኪሎ ኸርዝ የተወሰኑት። መዝሙሩ የሚወጣው ከምስል ጋር ከሆነ በ48 ይቅረጹ፤ ከዚያ በላይ መሄድ ለጆሮ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ከኮምፒውተሩ የሚወስደው ግን አለ። በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ የተቀረጸ አንድ ነጠላ ትራክ በደቂቃ 8.64 ሜጋ ባይት ይይዛል፤ አሥር ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ መዝሙር 432 ሜጋ ባይት ይሆናል ማለት ነው። ያንኑ መዝሙር በ192 ኪሎ ኸርዝ ቢቀርጹት አራት እጥፍ፣ ወደ 1.7 ጊጋ ባይት ይጠጋል፤ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ይጨነቃል።

ከሳምፕል ሬት ይልቅ የሚጠቅምዎ የቢቱ ቁጥር፣ ማለትም እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል በረቀቀ ሁኔታ እንደሚመዘገብ የሚነግረው ነው። 16 ቢት በንድፈ ሐሳብ 96 ዴሲቤል፣ 24 ቢት ደግሞ 144 ዴሲቤል ያህል በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ስፋት ይሰጣል። ከ24 ቢቱ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ቢቶች የትኛውም ኤሌክትሮኒክስ በእውነት ሊጠቀምባቸው አይችልም፤ ቢሆንም ስፋቱ የሚሰጥዎ ነፃነት ትልቅ ነው። ባለቤትዎ በለሆሳስ ጀምረው በድንገት ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ እንዳይቆረጥ ብለው ጌይኑን ዝቅ አድርገው፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ፣ ማለትም መቆረጥ ከሚጀምርበት ጣሪያ፣ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም አድርገው መቅረጽ ይችላሉ፤ በኋላ ቢያጎሉት በካርዱ በኩል የሚመጣ ጉዳት የለም። 16 ቢት ብቻ የሚቀርጹ ርካሽ ካርዶች፣ ለምሳሌ ቤሪንገር ዩኤም2 እና ዩኤምሲ22፣ ይህን ነፃነት ያጠቡታል።

ሁለተኛው ችግርዎ፣ መዝሙሩ ወደ ኋላ የሚቀረው ነገር፣ ከድምፅ ጥራት ጋር አይገናኝም፤ የድራይቨር ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ሁለት መዘግየቶች ስላሉ መለየት ይኖርብናል። የመጀመሪያው ዘማሪዋ የራሳቸውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ዘግይቶ መስማታቸው ነው። ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚቀበለው ጠብታ በጠብታ ሳይሆን በቁና እየሰፈረ ነው፤ ያ ቁና ባፈር ይባላል። በ48 ኪሎ ኸርዝ 128 ሳምፕል የሚይዝ ባፈር 2.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ 512 የሚይዘው ደግሞ 10.7 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ መግባትና መውጣት ስላለ በትንሹ እጥፍ ያድርጉት፣ ካርዱም የራሱን ይጨምርበታል። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊ ሰከንድ የሚሄደው 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የ20 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ማለት ዘማሪዋ ከራሳቸው ድምፅ ሰባት ሜትር ርቀው ቆመው እንደሚያዳምጡ ማለት ነው። በዊንዶውስ ላይ ይህን መዘግየት ለማሳጠር ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. አሲዮ የተባለውን የድራይቨር ሥርዓት አወጣ፤ ዛሬም ለቀረጻ ሥራ የምንመካው በእርሱ ነው። አሲዮ ፎር ኦል የተባለው ነፃ ድራይቨር የራሳቸው አሲዮ ለሌላቸው ካርዶች ማለፊያ ይሆናል፤ ነገር ግን ከሥሩ የሚሠራው ያው የዊንዶውስ አጠቃላይ ድራይቨር ነው። ለካርዱ ተብሎ የተዘጋጀ ድራይቨር መኖሩን አጥብቀው ይጠይቁ የምልዎ በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፍ ቀላል መፍትሔም አለ፤ ዳይሬክት ሞኒተር ይባላል። ማብሪያው ሲበራ የማይኩ ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ ደርሶ ሳይመለስ ከካርዱ ቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ይመጣል፤ መዘግየት የለበትም ማለት ይቻላል። ያለ ሪቨርብ (በሶፍትዌር የሚጨመር ማስተጋባት) መዘመር የሚከብዳቸው ዘማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ባለቤትዎም ከእነርሱ አንዷ ከሆኑ ደረቁን ድምፅ በዳይሬክት ሞኒተር፣ ሪቨርቡን ብቻ ከሪፐር እንዲሰሙ ያድርጉ። ሪቨርቡ ጥቂት ዘግይቶ ቢደርስ ማስተጋባት በባሕርዩ ዘግይቶ የሚመጣ ስለሆነ አይረብሻቸውም።

ሁለተኛው መዘግየት የእርስዎ እውነተኛ ችግር ነው። ቀራጩ ሶፍትዌር አዲሱን ትራክ ከአሮጌው ጋር ለማስተካከል «ካርዱ ምን ያህል ዘግይቷል?» ብሎ ድራይቨሩን ይጠይቃል፤ ድራይቨሩ የሚመልሰው ቁጥር ስሕተት ከሆነ ትራኩ በዚያው ልክ ተንሸራትቶ ይቀመጣል። ባለቤትዎ ምት አልሳቱም ማለት ነው። ይህን በአሥር ደቂቃ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። በሪፐር ውስጥ በአንድ ትራክ ላይ «ጠቅ» የሚል አጭር ድምፅ ያስቀምጡ፤ ከካርዱ መውጫ ወደ ካርዱ መግቢያ አንድ ገመድ ይሰኩ፤ ድምፁ ዞሮ እየተመለሰ እንዳይጮህ የሚቀረጸውን ትራክ ማዳመጫ ያጥፉና ጠቅታውን በሌላ ትራክ ይቅረጹ። ከዚያ ምስሉን አጉልተው ሁለቱን ጠቅታዎች ያስተያዩ። ድራይቨሩ እውነቱን ከተናገረ አንዱ በሌላው ላይ ልክ ይገጥማል። በ44.1 ኪሎ ኸርዝ በመካከላቸው 1,323 ሳምፕል ቢያገኙ ግን ድራይቨሩ 30 ሚሊ ሰከንድ ደብቋል ማለት ነው። በሪፐር ምርጫዎች ውስጥ፣ ስለ ቀረጻ በሚናገረው ገጽ ላይ፣ ይህን ቁጥር በእጅ የሚያስገቡበት ቦታ አለ። ልዩነቱ በየጊዜው አንድ ዓይነት ሆኖ ካገኙት እስካሁን የቀረጹትን መዝሙርም በዚያው ልክ ወደ ፊት ስበው ማስተካከል ይችላሉ፤ እንደገና መዘመር አያስፈልግም። አዲሱ ካርድ ሲመጣም ይህንኑ ፈተና ይድገሙት።

ወደ መግቢያዎቹ እንምጣ። እርስዎ በአንድ ጊዜ የሚቀርጹት ቢበዛ ሁለት ሰው፣ ወይም በገናውን በሁለት ማይክ ነውና ሁለት የማይክ መግቢያ ይበቃዎታል። አንድ የማይክ መግቢያ ብቻ ያላቸው፣ እንደ ስካርሌት ሶሎ ያሉ ካርዶች ማይክና ክራር አብረው ይቀበላሉ፤ በገናና ዘማሪ በሁለት ማይክ አብረው እንዲቀረጹ ግን አይፈቅዱም። አብሮ መቅረጽ ደግሞ ለመዝሙር ትልቅ ዋጋ አለው፤ ደርዳሪና ዘማሪ እየተያዩ ሲሠሩ የሚመጣው ነገር ለየብቻ ሲቀረጽ አይገኝም። ስለዚህ ከሁለት አይውረዱ።

አራት መግቢያ የሚለውን ምክር ሲሰሙ ግን በጥንቃቄ ያንብቡ። ፎከስራይት ስካርሌት 4አይ4 በስሙ አራት ይበል እንጂ የማይክ መግቢያው ሁለት ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ለኪቦርድና ለመሰል ዕቃዎች የሚሆኑ የላይን መግቢያዎች ናቸው። ቤሪንገር ዩኤምሲ204ኤችዲ ላይ ያለው 4 ደግሞ የመውጫ ቁጥር ነው። በእውነት አራት ማይክ የሚቀበለው ዩኤምሲ404ኤችዲ ነው፤ እርሱም ከበሮ፣ መሰንቆ፣ ክራርና ድምፅ በአንድ ጊዜ ለሚቀርጽ ቡድን ይጠቅማል። ዩኤስቢ ያለው ሚክሰርም ሲታይ ያጓጓል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን ስምንት ማይክ ተቀብለው ወደ ኮምፒውተሩ የሚልኩት የተቀላቀለ ሁለት ቻናል ብቻ ነው። አንዴ የተቀላቀለ ደግሞ አይለይም።

ለክራርዎ ሌላ የሚታይ ነገር አለ። የፒክአፑ ዓይነት ፒዬዞ፣ ማለትም ከገበታው ጋር ተጣብቆ ንዝረቱን የሚይዘው ቀጭን ሳህን ከሆነ፣ ከፍተኛ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ምልክቱ የሚሰጥ ተቃውሞ) ያለው የመሣሪያ መግቢያ ይፈልጋል፤ 1 ሜጋ ኦምና ከዚያ በላይ። በ10 ኪሎ ኦም የላይን መግቢያ ቢሰኩት ወፍራሙ የድምፁ ክፍል ይጠፋና ክራሩ እንደ ቆርቆሮ የሳሳ ሆኖ ይሰማል። ብዙ ሰው ይህን የክራሩ ወይም የፒክአፑ ጥፋት ያደርገዋል። በካርዱ ላይ ኢንስት ወይም ሃይ-ዚ የሚል ቁልፍ መኖሩን ይመልከቱ፤ ክራሩን ሲሰኩ ያንን መጫን አይርሱ።

ስለ ኤሌክትሪክ ጥቂት ልጨምር፤ በአገራችን ቤቶች ከማይክ ያልተናነሰ ችግር የሚያመጣው እርሱ ነውና። ከሽሽታው ሌላ ዝቅ ብሎ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰሙ ከመብራቱ 50 ኸርዝ የመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የቤቱ መስመር በሚገባ ከመሬት ጋር ሳይያያዝ ሲቀር ነው። የሦስት እግሩን ሶኬት የመሬት እግር ቆርጦ ድምፁን ለማጥፋት የሚሞክሩ አሉ፤ ይህ ሰው ሊገድል ስለሚችል በምንም ምክንያት አያድርጉት። ኮምፒውተሩን፣ ስፒከሩንና ሞኒተሩን ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ፤ የማይክ ገመዱ ከመብራት ገመድ ጋር ጎን ለጎን አይሂድ። ካርዱን ከዴስክቶፑ ፊት ለፊት ባለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ወይም በማከፋፈያ ሳይሆን ከኋላ በኩል በማዘርቦርዱ ላይ ቀጥታ ይሰኩት፤ ፋንተም ፓወሩም ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው ነው። ዩኤስቢ 2 ወይስ 3 የሚለው ግን አያሳስብዎ፤ ሁለት ቻናል በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ የሚፈልገው በሰከንድ 2.3 ሜጋ ቢት ሲሆን ዩኤስቢ 2 ብቻውን እስከ 480 ያስተላልፋል። ወደፊት ላፕቶፕ ካገኙ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ይቅረጹ፤ ጉርምርምታው ይቀንሳል፣ መብራት ቢጠፋም ቀረጻው አይቋረጥም።

እንግዲህ በስም ልጥቀስ። በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2ን፣ በተለይም በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣውን አራተኛውን ትውልድ ነው፤ ጌይኑ 69 ዴሲቤል ስለሚደርስ ለበገናም ለዳይናሚክ ማይክም አይጨነቅም። ሦስተኛው ትውልድ ጌይኑ 56 ላይ ቢያበቃም በ48 ቮልት ለሚሠራ ኮንደንሰር ይበቃል፤ በረከሰ ዋጋ ካገኙት አይለፉት። ሞቱ ኤም2 በፊቱ ላይ ባለው ትንሽ ስክሪን የድምፁን ልክ በግልጽ ስለሚያሳይ ብቻውን ለሚቀርጽ ሰው ምቹ ነው፤ ድራይቨሩም ፈጣን ነው። ኦዲየንት ኢቮ 4 ሲዘምሩለት ጌይኑን ራሱ ያስተካክላል። ገንዘቡ ካልደረሰ ቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ በ24 ቢት የሚቀርጽ፣ 48 ቮልትና የራሱ አሲዮ ድራይቨር ያለው ስለሆነ ከዚያ በታች መውረድ አልመክርም። ከዩኤም2 የሚለየው የዋጋ ልዩነት ለጥቂት ወር ቆጥቦ መጠበቅ የሚገባው ነው።

ዕቃውን ከውጭ በሰው የሚያስመጡ ከሆነ ያገለገለ ሳይሆን አዲስ፣ ከነካርቶኑና ከነመለያ ቁጥሩ ይሁን፤ አብረው የሚሰጡት ሶፍትዌሮች በዚያ ቁጥር አንድ ጊዜ ስለሚመዘገቡ ያገለገለ ሲገዙ ብዙውን ጊዜ አያገኟቸውም። እዚሁ ያገለገለ ከገዙ ደግሞ ሄድፎንና ማይክ ይዘው ይሂዱ፤ ማይኩን ሰክተው ፋንተሙን ያብሩ፣ ጌይኑን ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ያዙሩና ጸጥ ብለው ያዳምጡ። ቁልፉ ሲዞር ቅርሽርሽ የሚል ከሆነ፣ ወይም ሁለቱ መግቢያዎች የተለያየ ሽሽታ ካላቸው ይተዉት። ፋየርዋየር በተባለው የድሮ መሰኪያ የሚሠራ ካርድ በርካሽ ቢያቀርቡልዎ ምንም ስመ ጥር ቢሆን አይግዙ፤ የሚሰካበት ኮምፒውተር እየጠፋ ነው። ዊንዶውስ 10ም ከማይክሮሶፍት የሚያገኘው መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ፣ የካርዱ ድራይቨር በእርሱም በዊንዶውስ 11ም እንደሚሠራ በአምራቹ ገጽ ላይ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ካርዱ ሲደርስ በገናውን በግድግዳ አጠገብ አይቅረጹ። ፍራሽ አቁመው፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅለው፣ ማይኩን ከገበቴው (ከበገናው የድምፅ ሳጥን) ፊት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር አርቀው፣ ወደ በርኩማው ትንሽ አዘንብለው ያቁሙት። ሲቀርብ እንዚራው ይጎላል፣ ሲርቅ የገበቴው ውፍረት ይመጣል፤ በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ ለአንድ ደቂቃ እየቀረጹ ቢያወዳድሩ የእርስዎ በገና የሚወደውን ቦታ ያገኙታል። ፋንተሙን ሲያበሩና ሲያጠፉ ጌይኑም የጆሮ ማዳመጫውም ዝቅ ያለ ይሁን፤ ገመዱን የሚነቅሉትም ፋንተሙን አጥፍተው ጥቂት ሰከንድ ከጠበቁ በኋላ ነው።

ቪ8ን አይሽጡት። መዝሙሩን በስልክ ቀጥታ ለማስተላለፍ ሲፈልጉ የተሠራው ለዚያው ነውና ያገለግልዎታል፤ ከቢኤም-800 ጋር የመጣውን ባለ ትንሽ ጃክ ገመድም ከእርሱ ጋር ያስቀምጡት።